ጣት ከመነሣቱ በፊት፦ በጣና ዳር የሚሰጠው የሦስት ምሽት የነፃ ፈቃድ ሙከራ ሲመዘን

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ ስለ ነፃ ፈቃድ የሚሰጥ የሦስት ምሽት መርሐ ግብር አለ። ማክሰኞ የአንጎል ሞገድ ሙከራ ነው፣ ረቡዕ የሎጂክ ክርክር፣ ሐሙስ ደግሞ «አውቆ መቆጣጠር» የተባለ ልምምድ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፣ 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። በአንድ ዙር ከ12 ሰው በላይ አይቀበሉም። ክፍያው ለሦስቱም ምሽት፣ ቡናው ተጨምሮ፣ 600 ብር ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ከመወሰንህ በፊት አንጎልህ ወስኖ ጨርሷል፤ መጥተህ በዓይንህ እይ» ይላል። የማክሰኞው ሙከራ ወረቀቱ የሚለውን አያሳይም፤ ሊያሳይም አይችልም። ረቡዕና ሐሙስ ግን ከተከፈለባቸው በላይ ይሰጣሉ።

«ነፃ ፈቃድ ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልክ አለው። አንዱ የሐቅ ጥያቄ ነው፦ ሰው ሲወስን አንጎሉ ውስጥ ምን ይቀድማል፣ ምን ይከተላል? ሌላው የሎጂክ ነው፦ «በነፃነት መረጠ» የሚለው አባባል እርስ በርሱ የማይጋጭ ትርጉም አለው ወይስ «አራት ማዕዘን ያለው ክብ» እንደ ማለት ነው? መሣሪያ የመጀመሪያውን ሊመልስ ይችላል። ሁለተኛውን አይመልስም፤ አራት ማዕዘን ያለው ክብ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ሜትር ይዞ የሚዞር የለምና። አዘጋጆቹ ሁለቱን ማክሰኞ ይቀላቅሏቸውና ረቡዕ ይለዩአቸዋል። ማክሰኞን ብቻ ተካፍሎ የሚቀር ሰው የተቀላቀለውን ይዞ ይቀራል።

የማክሰኞው ሙከራ የቆመው የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ላይ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ ኮርንሁበርና ዴኬ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን፣ ሰው በራሱ ጊዜ እጁን ከማንቀሳቀሱ በፊት አናቱ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ የኤሌክትሪክ ሞገድ እንዳለ አሳይተው ነበር። እዚህ «የዝግጁነት ሞገድ» እንለዋለን። ሊቤት የጨመረው ሰዓት ነው፦ በ2.56 ሰከንድ አንድ ዙር የምትጨርስ የብርሃን ነጥብ። ተሳታፊው ባሻው ቅጽበት የእጁን አንጓ ያጥፋል፤ ከዚያ «ላንቀሳቅስ» የሚለው ነገር ሲመጣበት ነጥቧ የት እንደነበረች ይናገራል። ሞገዱ ከጡንቻው መንቀሳቀስ በአማካይ 550 ሚሊሰከንድ (አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ ሺህኛ ነው) ያህል ቀድሞ ተገኘ። ሰውየው ልብ ያለው ግን 200 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀረው ነው። በመካከል የቀረችው 350 ሚሊሰከንድ ናት ይህን ሁሉ ዓመት ያከራከረችው።

ምድር ቤቱ ያለው መሣሪያ ሁለት መስመር የሚቀዳ ትንሽ አምፕሊፋየር (ደካማ ምልክት የሚያጎላ ዕቃ) ነው፤ አንዱ መስመር ለአናት፣ አንዱ ለክንድ ጡንቻ። የሚሠሩት ልጆች እጃቸው ለምዷል። የአናቱን መሃል የሚያገኙት በልብስ ሰፊ ሜትር ነው፦ ከአፍንጫ ሥር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው ጎድጓዳ ቦታ፣ እስከ ማጅራት ጉብታ ይለኩና ግማሹን ይይዛሉ፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይለኩና እንዲሁ ግማሹን። ሁለቱ ግማሾች በሚገናኙበት ላይ ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ምልክቱን ከቆዳ የሚቀበለውን ትንሽ ብረት፣ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ወፍራም ቅባት ይለጥፋሉ። ማነጻጸሪያው ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ይውላል፣ ሦስተኛው ግንባር ላይ።

አስቸጋሪው ፀጉር ነው። ሹሩባ ለተሠራች ሴት፣ የሹሩባው ፈርቅ በአናቷ መሃል ካለፈ እሰየው፤ ጉንጉኑ ከተቀመጠበት ግን ኤሌክትሮዱ ቆዳ አያገኝም። ቅቤ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። በአንዱ ዙር አሠልጣኙ አንዲት ትልቅ ሴት ራስ ላይ ሁለት ጊዜ ለጥፎ ሁለት ጊዜ ካነሣ በኋላ «እማማ፣ ቅቤ ተቀብተዋል እንዴ?» አላቸው። «ሠርግ አለብኝ ልጄ፣ ታዲያ ልታጠብልህ ነው?» አሉት። ቦታውን በአልኮል ጠረገው፤ ኤሌክትሮዱና ቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ግን ከ40 ኪሎ ኦም አልወርድ አለ፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ከ5 በታች፣ ቢበዛ 10 ነው። ሴትየዋን ሳያሳፍር የሰዓቱን ክፍል ብቻ አሠራቸው። ይህ ምዝገባ ላይ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው፦ ከዋዜማው ጀምሮ ቅቤም ቅባትም ሳይነካው የታጠበ ፀጉር፣ መሃል አናት ላይ ፈርቅ።

የኤሌክትሪኩን ጉዳይ በደንብ ይዘውታል። የመብራት መስመራችን 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዋዥቃል፤ ያ ጩኸት በሽቦው ይገባና ከአንጎል የሚመጣውን ይውጠዋል። ስለዚህ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ብቻ ያሠሩታል፣ የስልክ ቻርጀሮችን ሁሉ ከክፍሉ ያወጣሉ። መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሣም መቅዳቱን አቁመው ይጠብቃሉ። ሌላ ቦታ ይህን ጥንቃቄ ማግኘት ይቸግራል።

ትልቁ ጉድለት ፊልተሩ (የሞገድ ማጣሪያው) ላይ ነው። መሣሪያው ሲገዛ ከ0.5 ኸርዝ በታች ያለውን እንዲቆርጥ ተደርጎ ነው የመጣው፣ እነሱም እንዳለ ተዉት። የዝግጁነት ሞገድ ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ እየተንፏቀቀ የሚወጣ ዝግተኛ ነገር ነው። ፊልተሩ እስከ 0.1 ኸርዝ፣ ቢቻል ከዚያም በታች ካልተከፈተ የተዳፋቱ መጀመሪያ ይቆረጣል፤ ሞገዱ አጥሮና ዘግይቶ የጀመረ ይመስላል። ማክሰኞ ማታ ስክሪኑ ላይ «ከእንቅስቃሴው በፊት ይህን ያህል ሚሊሰከንድ» ተብሎ የሚነበበው ቁጥር እንግዲህ የፊልተሩ ቁጥር ነው፣ የተሳታፊው አንጎል አይደለም። ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ 0.05 ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ላብና የራስ ንቅናቄ ተከትሎ ሲንሳፈፍ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ተሳታፊውን አገጩን በእጁ አስደግፎ ማስቀመጥና ክፍሉን ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው።

ሁለተኛው ጉድለት ቁጥር ነው። ሞገዱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ ከጀርባው የሚናወጠው የአንጎል እንቅስቃሴ ብዙውን ጊዜ ይበልጠዋል፣ አንድ የዓይን ጥቅሻ ደግሞ ከ100 ማይክሮቮልት ያልፋል። በአንድ እንቅስቃሴ ምንም አይታይም፤ ብዙውን ደራርቦ አማካይ ማውጣት ግድ ነው። ጩኸቱ የሚቀንሰው በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ልክ ነው፦ 40 ጊዜ ቢደረግ ከ6 እጥፍ በላይ ይቀንሳል፣ 15 ጊዜ ቢደረግ 4 እጥፍ እንኳ አይሞላም። እዚህ የሚያሠሩት 15 ነው፤ ጥቅሻ ያበላሸው ሲጣል 9 ወይም 10 ይቀራል። በዚያ ላይ ተሳታፊዎች ነጥቧን በዓይናቸው እየተከተሉ ይዞራሉ። ዓይን መሃሉ ላይ ተተክሎ መቅረት አለበት፣ ነጥቧን በጎን ማየት ይበቃል።

ሰዓቷ ራሷ ደህና ናት። ጠርዟ ላይ 60 ምልክት አላት፣ አንዱ ክፍተት 43 ሚሊሰከንድ ያህል ይሆናል። የጎደለው ማረሚያው ነው። ሊቤት በተለየ ዙር የተሳታፊዎቹን ቆዳ በድንገት እየነካ «መቼ ተሰማህ?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ሰዎቹ በአማካይ 50 ሚሊሰከንድ ያህል አስቀድመው ተናገሩ። ስለዚህ 200 የተባለው ሲታረም 150 ይሆናል። ይህ ዙር ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ተሳታፊው የራሱ ንግግር ምን ያህል እንደሚስት በራሱ ጣት እንዲያየውም ያደርጋል። ቢጨመር ምሽቱን ሁሉ ይለውጠዋል።

የአጠያየቁ ነገር ግን ከመሣሪያው ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። አሠልጣኞቹ አንዱን «መቼ ወሰንክ?» ይሉታል፣ ሌላውን «መቼ አሰኘህ?»። በእኛ ቋንቋ ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ወሰንኩ» ሲባል ባለቤቱ እኔ ነኝ። «አሰኘኝ» ሲባል ግን እንደ «ራበኝ»፣ እንደ «ጠማኝ»፣ እንደ «በረደኝ» ነው፤ ነገሩ መጣብኝ እንጂ እኔ አላመጣሁትም። መራብ ከእኔ ቀድሞ በሆዴ መጀመሩን ማንም እንደ ጉድ አያየውም፤ ማሰኘትም ከእኔ ቀድሞ በአንጎሌ ቢጀምር ልክ እንደዚያ ነው። ጉድ የሚሆነው መወሰን ቀድሞ ከተገኘ ብቻ ነው። ሊቤት የጠየቀው ደግሞ የመፈለግ ስሜት፣ የግፊቱ መምጣት የታወቀበትን ቅጽበት ነው፣ ማለትም ወደ ማሰኘት የሚያደላውን። ስለዚህ ሁሉንም «መቼ አሰኘህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም በሩ ላይ ያለውን ወረቀት «ከማሰኘቱ በፊት አንጎልህ ጀምሯል» ብሎ ማረም ነው የሚገባው። እንዲያ ሲባል ነገሩ እውነት ይሆናል።

የሞገዱ ትርጉም ራሱም አከራክሯል፣ ማክሰኞ ግን አይነሣም። ነገሩ ለጣና ዳር ሰው በደንብ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ውሃው ከዳሩ የድንጋይ ግንብ ሥር ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ሰው ማዕበሉ ግንቡን ዘሎ መንገዱን ባረጠበ ቁጥር ብቻ፣ ወደ ኋላ አምስት ሰከንድ የውሃውን ከፍታ ቢመዘግብና አርባውን መዝገብ ደርቦ አማካይ ቢያወጣ፣ ቀስ እያለ ወደ ግንቡ አፍ የሚወጣ ለስላሳ መስመር ያገኛል። ሐይቁ አምስት ሰከንድ ቀድሞ «ልዝለል» ብሎ ስለወሰነ አይደለም። መዝጋቢው የዘለለበትን ብቻ ስለመረጠ ነው፤ ግማሽ ድረስ ወጥቶ የተመለሰው ውሃ ሁሉ ከመዝገቡ የለም። ሹርገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሉት በመሠረቱ ይህን ነው፦ ተሳታፊው አሁን ለማንቀሳቀስም ሆነ ላለማንቀሳቀስ ምንም ምክንያት ስላልተሰጠው፣ በአንጎሉ ውስጥ ያለ ተራ መዋዠቅ ደፉን በነካበት ቅጽበት እጁ ይነሣል፤ ወደ ኋላ ሲታይ ዝግጅት የሚመስለው ያ መዋዠቅ ነው። በዚህ አነባበብ ውሳኔው ደፉ የታለፈበት ነው፣ እሱም ሰው ልብ ካለበት ቅጽበት ብዙ አይርቅም። ትሬቬናና ሚለርም በ2010 ድምፅ እያሰሙ «አሁን ወስን» ሲሉ፣ ከድምፁ በፊት የሚታየው ሞገድ ለማንቀሳቀስ በወሰኑትና ላለማንቀሳቀስ በወሰኑት ላይ ተመሳሳይ ሆኖ አገኙት። ክርክሩ አላበቃም፤ ግን አንዱን ወገን ብቻ አሳይቶ ሰው ማሰናበት ተገቢ አይደለም።

ማክሰኞ መጨረሻ ላይ የሚታየው ስላይድ «እስከ 10 ሰከንድ ቀድሞ ይታወቃል» የሚለው ነው። ይህ በ2008 ሱንና ባልደረቦቹ በኤፍኤምአርአይ (በአንጎል ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት በሚያነሣ ማሽን) ያደረጉት ጥናት ነው፤ ቀኝ ወይም ግራ ቁልፍ መጫን። ስላይዱ የማይለው፣ ትንበያው ልክ የሚሆነው ከ100 ወደ 60 ገደማ ጊዜ መሆኑን ነው። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም የሚወረውር ሰው 50 ያገኛል። ስድሳ ዝንባሌን ያሳያል፤ «ወስኖ ጨርሷል» የሚለውን ግን አይሸከምም።

ደግሞም ጣት ማንሣት ውሳኔ የሚባለውን ነገር ይወክላል ወይ? ማኦዝና ባልደረቦቹ በ2019 ተሳታፊዎችን እውነተኛ ገንዘብ ለየትኛው የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጥ ብለው አስመረጧቸው። ውጤቱ ለውጥ የማያመጣው የዘፈቀደ ምርጫ ላይ የዝግጁነት ሞገዱ ታየ፤ ሰው የምር አስቦ በመረጠው ላይ አልታየም። በሬ ልሽጥ አልሽጥ፣ ልጄን የት ላስተምር ብሎ የሚያወጣ የሚያወርድ ሰው የማክሰኞው ምሽት እንደማይመለከተው ማወቅ አለበት።

ረቡዕ ሌላ ምሽት ነው። አስተማሪው ገና ሲጀምር ቃላቱን ማጥራቱ ትልቅ ብልሃት ነው። «ፈቃድ» በአማርኛ መንጃ ፈቃድም ነው፣ የዓመት ፈቃድም ነው፤ ስለዚህ «ነፃ ፈቃድ» ሲባል ግማሹ ተሳታፊ ሰጪውን ይፈልጋል። «ንቃተ ኅሊና» ሲባል ደግሞ ኅሊና ከምትለዋ ቃል የተነሣ ሰው ስለ ጸጸትና ስለ ፍርድ ያስባል። እሱ ለሁለቱም «አውቆ ማድረግ» እና «ልብ ማለት» የሚሉትን ይጠቀማል፤ በእነዚህ ቃላት የሚደናገር የለም። ከቤተ ክርስቲያን «እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፣ ወደ ወደድከው እጅህን ስደድ» እየተባለ የሰማነውን፣ ሙስሊም ተሳታፊዎችም ስለ ቀደር (ስለ አላህ ቅድመ ውሳኔ) ከቤታቸው ይዘው የሚመጡትን ያከብራል፤ የእምነቱን ጥያቄ ለመምህራኑ ትቶ የሎጂኩን ይይዛል።

የመጀመሪያው ክርክር ፈላስፋው ፒተር ቫን ኢንዋገን በ1983 በሰፊው ያቀረበው ነው። ሁሉም ነገር በቀደመ ምክንያት የሚወሰን ከሆነ፣ የዛሬ ሥራችን ከጥንቱ ሁኔታና ከተፈጥሮ ሕግ ተያይዞ ይከተላል። ጥንቱ በእጃችን አልነበረም። ሕጉም በእጃችን የለም። እንግዲያው የሚከተለውም በእጃችን አይደለም። ተሳታፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚያጠቁት የመጀመሪያውን ሐረግ ነው፤ በጣም ጠንካራው እሱ ስለሆነ ይደክማሉ። ደካማው ቦታ የመጨረሻው ዝላይ ነው፦ «በእጄ አይደለም» የሚለው ነገር ሁልጊዜ ከምክንያቱ ወደ ውጤቱ ይተላለፋል ወይ? «ሌላ ሊያደርግ ይችል ነበር» ማለት «ያው ምክንያት፣ ያው ሁኔታ ሳይለወጥ» ማለት ከሆነ ይተላለፋል። «ሌላ ቢፈልግ ኖሮ ሌላ ያደርግ ነበር» ማለት ከሆነ አይተላለፍም። አስተማሪው ይህን በሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ በተለያየ ቀለም ይጽፈዋል፤ ከምሽቱ ሁሉ የተሻለው ሃያ ደቂቃ ነው። «ታዲያ ምክንያት የሌለው ነገር ይኑራ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ያለ ምክንያት የተወረወረ እጅ ከእኔ አልወጣም፣ ደረሰብኝ እንጂ።

ሃሪ ፍራንክፈርት በ1969 ያነሣውን ነገር በፍጥነት ያልፈዋል፣ ማለፉም ልክ ነው። ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ላይ ወዶ የተቀመጠ ሰው፣ ልውረድ ቢል እንኳ የማያወርዱት መሆኑን ባያውቅ፣ መቀመጡ የራሱ መሆኑ አይቀርም። ሌላ መንገድ መኖሩ ብቻ ነፃነትን አይሠራም ማለት ነው።

ከዚያ ጨረጨራ ይመጣል፤ ይህ ምሳሌ ከባሕር ዳር ውጭ ያለ አስተማሪ ሊያገኘው የማይችለው ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ሲጀምር ሁለት በር ነበረው፤ በ2001 አምስት ተጨምሮ ሰባት ሆነ። የተሠራው ከታች ላሉት የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች የሚወርደውን ውሃ ለመመጠን ነው። ከእሱ በፊት የሚወጣው ውሃ የሐይቁን ከፍታ ብቻ ይከተል ነበር፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይቀንሳል። በሮቹ ከመጡ በኋላ ከፍታ ይለካል፣ በር ይነሣል ወይም ይወርዳል። እዚህ ውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ አልሄደችም፣ በሩም ያለ ምክንያት አልተነሣም። ሆኖም «ውሃው በቁጥጥር ሥር ነው» ማለት እውነት ነው፣ «ከ1996 በፊት በቁጥጥር ሥር አልነበረም» ማለትም እውነት ነው። እንግዲህ ቁጥጥር ማለት ምክንያት አለመኖር አይደለም። ቁጥጥር ማለት፦ የሚፈለግ ልክ አለ፣ ያለው ሁኔታ ይነበባል፣ ሁኔታው ሌላ ቢሆን ኖሮ ሥራውም ሌላ ይሆን ነበር። በዚህ ትርጉም የሰው ቁጥጥር ምንም የሎጂክ ግጭት የለበትም። ነፃ ፈቃድን የሚክዱም ሆኑ የሚደግፉ ብዙ ሰዎች ይህን አንድ ነጥብ ቢይዙ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ግን አስተማሪው እዚያ አያቆምም፣ ጥያቄው ይቀጥላል። የሚፈለገውን ልክ በሩ ራሱ አላወጣውም፤ ኃላፊዎቹ አወጡት። ኃላፊዎቹ ያን ልክ የፈለጉት ስለ ኃይልና ስለ ውሃ በሚያስቡት ምክንያት ነው። ያን አስተሳሰብ ከየት አመጡት? ጌለን ስትሮውሰን በ1994 ያቀረበው ክርክር ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው ይሄድበታል፦ ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው በማንነቱ ነው፤ ለሥራው ፍጹም ተጠያቂ እንዲሆን ለማንነቱም ተጠያቂ መሆን አለበት፤ ማንነቱን ራሱ እንዲመርጥ ግን የሚመርጥበት ሌላ ቀዳሚ ማንነት ያስፈልገዋል፤ ለዚያም ሌላ። መጨረሻ የለውም። ይህ ዓለም በምክንያት ቢወሰንም ባይወሰንም ያው ነው። ስለዚህ ራሱን ከባዶ የሠራ፣ የመነሻው መነሻ የሆነ ፈቃድ በሎጂክ አይቻልም። ይህን ለማወቅ ሽቦ አናት ላይ መለጠፍ አያስፈልግም።

በእኛ ፍርድ ሁለቱ ውጤቶች አብረው ይቆማሉ፣ አስተማሪውም ወደዚያ ያዘነብላል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጥፋት ሲያዩ የሚጠይቁት «አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? ተገዶ ነው? ሰክሮ ነው?» ብለው ነው፤ «ጠባዩን ራሱ ሠርቶት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ የለም። ለእርቅና ለካሣ የጨረጨራው ዓይነት ቁጥጥር ይበቃል። «ይበለው፣ ሥቃይ ይገባዋል» ለሚለው ግን የስትሮውሰን ክርክር ከባድ ነው፣ ቀላል መልስም የለውም። አስተማሪው እዚህ ላይ ሰዓት አለቀ ብሎ ያልፋል። ሰው ስለ ጥፋተኛ ልጁ ወይም ስለ ወንድሙ የሚያስበውን ሊለውጥ የሚችለው ይህ ነጥብ ስለሆነ፣ ከሌላው ክፍል ሰዓት ተቀንሶም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል።

ሐሙስ የሚከፈተው በአጭር ልምምድ ነው፦ «ቀጣዩን ሐሳብ ከማሰብህ በፊት ምረጠው»። ማንም አይችልም፤ ለመምረጥ ማሰብ አለበት፣ ካሰበው ደግሞ መጥቷል። ጊልበርት ራይል በ1949 እንዳመለከተው፣ አውቆ የተደረገ ነገር ሁሉ በፊቱ አውቆ የተወሰነ ውሳኔ ይቅደመው ከተባለ ውሳኔውም ሌላ ውሳኔ ይፈልጋል፣ ያም ሌላ። አውቆ መቆጣጠር እያንዳንዱን ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት መፈረም ከሆነ አይቻልም። ክፍሉ ወደ ውሃው የሚያይ አንድ መስኮት አለው፣ ልምምዱ ሲያልቅ አሠልጣኙ ወደዚያ ይጠቁማል። የደንገል ታንኳ ይዞ የሚሄድ ሰው እያንዳንዱን ቀዘፋ አይወስንም። ወደ ደሴቱ ጫፍ ያያል፣ ነፋስ ሲገፋው ያርማል። የታንኳው አካሄድ ግን ከእጁ አልወጣም።

ቀጥሎ ያለው የላፕቶፕ ጨዋታ ነው፦ አረንጓዴ ሲበራ ጫን፣ ቀይ ከተከተለ ተው። ጤነኛ ወጣት የተጀመረን ጣት ለማቆም ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ሹልትዘ-ክራፍትና ባልደረቦቹ በ2016 ተሳታፊዎች የዝግጁነት ሞገዳቸው ከጀመረ በኋላም ማቆም እንደሚችሉ፣ እንቅስቃሴው 200 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀረው ግን መመለሻ እንደሌለው አሳይተዋል። ይህ ውጤት ማክሰኞ ቢነገር ኖሮ በሩ ላይ ያለው ወረቀት አይለጠፍም ነበር።

የሐሙስ ፍሬ እያንዳንዱ ተሳታፊ የሚሞላው ካርድ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 ካጠቃለለው ሥራ የተወሰደ ነው፦ «ይህ ሲሆን፣ ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር፣ እንዲሁ «አደርጋለሁ» ከተባለው ይልቅ ይፈጸማል። ምክንያቱ ከረቡዕ ምሽት ጋር ይገጥማል። ሰው በቁጣ ቅጽበት ላይ ሆኖ ለመወሰን 200 ሚሊሰከንድ አይበቃውም፤ ቀድሞ በሰከነ ጊዜ በሩን ከተከለ ግን ምልክቱ ሲመጣ በሩ ይወርዳል። አውቆ የሚደረገው ነገር የተከላው ጊዜ ነው።

ካርዱ ሲሞላ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ሰዎች ምልክቱን ትተው ምኞቱን ይጽፋሉ። «ከእንግዲህ ቶሎ አልቆጣም» የሚለው ካርድ አይሠራም፤ መቼ እንደሚጀምር የሚነግረው ነገር የለም፣ የሚደረግ ነገርም የለውም። አንድ የባጃጅ ሹፌር የጻፈው ግን እንዲህ ይላል፦ «ተሳፋሪ መልስ ጎደለኝ ብሎ ሲጮህ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ከዚያ ብሩን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ።» ምልክቱ በጆሮ ይሰማል፣ ሥራው በእጅ ይሠራል። አሠልጣኞቹ ስህተቱን ያርማሉ፣ በአንድ ሰው ላይ ግን ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆዩም። ሁለት ካርድ ከመሙላት አንዱን አራት ጊዜ መከለስ ይሻላል።

ከሐሙስ በኋላ ክትትል የለም፤ የሦስቱ ምሽት ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። የካርዱ ጀርባ ባዶ ነው። ሁለት ዓምድ ቢሰመርበት፣ በአንዱ ምልክቱ የመጣበት ጊዜ ብዛት፣ በሌላው የተባለው ነገር የተደረገበት፣ ተሳታፊዎቹም ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ተጠርተው ቢያወዳድሩ፣ ስለ ራሳቸው ቁጥጥር ከማክሰኞው ሽቦ ይልቅ የሚታመን ቁጥር ይኖራቸዋል። እስከዚያ ድረስ መስመሩን ተሳታፊው በእስክሪብቶ ራሱ ያስምረው።